ባለርስቷ እና መዝገቧ፦ የአን ክሊፎርድ የዕለት ማስታወሻ እንደ ሥነ ጽሑፍ

የግለ ታሪክ ጽሑፎችን በምናስተምርበት ክፍል የሌዲ አን ክሊፎርድ የዕለት ማስታወሻ በተነሣ ቁጥር አንዲት ጥያቄ ሳትመጣ አትቀርም። «ለመሆኑ የማን ሚስት ነበረች?» ይላል አንዱ ተማሪ። ጥያቄው ክፋት የለበትም። ተማሪው ከስሟ ፊት «ካውንተስ» የሚል ማዕረግ ያያል፤ ማዕረጉም ከባል የመጣ መሆን አለበት ብሎ ይገምታል። ግማሹ ትክክል ነው። አን ክሊፎርድ በተከታታይ የሁለት ኧርሎች ሚስት ሆናለች፤ በሁለቱም ካውንተስ ተብላለች። ነገር ግን አርባ ዓመት ያህል የተሟገተችለት ማዕረግ ከእነዚህ አንዱም አይደለም። የተሟገተችለት ከአባቷ የሚወረሰውን፣ ባል ኖራትም አልኖራት የራሷ የሆነውን የክሊፎርድ ባሮንነትና ከእርሱ ጋር የተያያዘውን የዌስትሞርላንድ ርስት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህች እመቤት ትታልን ያለፈችው ማስታወሻ በምን ዓይነት ንባብ ሊነበብ እንደሚገባ መመርመር ነው። ብዙ ጊዜ የሚነበበው የተበደለች ሚስት ኑዛዜ ተደርጎ ነው። እኔ የሙግት መዝገብ ነው ባይ ነኝ። ሥነ ጽሑፋዊ ኀይሉም ከመዝገብነቱ በተቃራኒ ሳይሆን ከዚያው ከመዝገብነቱ የሚመነጭ ይመስለኛል። (ዓመታቱ በተለየ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ስለ ማዕረጉ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ ቋንቋችን ያደናቅፈናልም ያግዘናልም። በእኛ ዘንድ ራስ፣ ደጃዝማች፣ ፊታውራሪ የሚባሉት ማዕረጎች የሹመት እንጂ የውርስ አልነበሩም፤ የደጃዝማች ልጅ ደጃዝማች የሚሆነው ንጉሡ ሲሾመው ነው። የሚወረሰው ርስት ነው። ርስቱንም በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በነበረው ደንብ ሴት ልጅ ከአባቷም ከእናቷም ወገን ልትካፈል ትችል ነበር፤ መብቷ በተግባር ምን ያህል ተጠበቀላት የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። በእንግሊዝ ግን ማዕረጉም እንደ መሬቱ ይወረሳል። የክሊፎርዶች ባሮንነት በ1299፣ በቀዳማዊ ኤድዋርድ ዘመን፣ ንጉሡ ለፓርላማ በላከው የጥሪ ደብዳቤ የተመሠረተ ነው። እንዲህ ያለው ማዕረግ ወንድ ልጅ ሲጠፋ ለሴት ልጅ ሊያልፍ ይችላል። ለዚህ ጉዳይ በአማርኛ የሚቀርበው ልዩነት «እቴጌ» እና «ንግሥት» በሚሉት ቃላት መካከል ያለው ነው። ጣይቱ የንጉሠ ነገሥቱ ባለቤት ናቸውና እቴጌ ተባሉ፤ ዘውዲቱ ግን በ1909 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ ንግሥተ ነገሥታት ነው የተባሉት፤ ዘውዱ ከአባታቸው የመጣ የራሳቸው ነበርና። «ወይዘሮ» የሚለው ቃል ደግሞ በተቃራኒው መንገድ የተጓዘ ነው። ቀድሞ የነገሥታትና የመኳንንት ዘር መሆንን የሚያመለክት ነበር፤ ዛሬ ያገባች ሴት ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። ከትውልድ ወደ ጋብቻ ተሻገረ ማለት ነው። ይህን ጉዞ አንባቢ ልብ ቢልልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አን በጥር 1590 በሰሜን እንግሊዝ፣ በስኪፕተን ግንብ ተወለደች። አባቷ ጆርጅ ክሊፎርድ፣ ሦስተኛው የካምበርላንድ ኧርል፣ የንግሥት ኤልሳቤጥ ባለሟል፣ በባሕር ዘመቻና በፈረስ ትርኢት ሀብቱን የበተነ ሰው ነበር። ሁለት ወንድሞቿ በሕፃንነታቸው ሞተዋል። አባቷ በ1605 ሲሞት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ኑዛዜው ሲከፈት ርስቱ በሙሉ ለወንድሙ ለፍራንሲስ ተሰጥቶ ተገኘ። ለእርሷ 15 ሺህ ፓውንድ ተመደበላት። የኧርልነቱ ማዕረግ በወንድ ሐረግ ብቻ የሚተላለፍ ስለሆነ ለአጎቷ መሄዱን አልተቃወመችም። የመሬቱ ነገር ግን ሌላ ነው፤ በዳግማዊ ኤድዋርድ ዘመን የተጻፈ ሰነድ የዌስትሞርላንዱ ርስት ከአብራክ ለተወለደ ልጅ፣ ወንድ ሴት ሳይባል፣ እንዲተላለፍ ያዝ ነበር። አባት ይህን የመሻር ሥልጣን አለው ወይስ የለውም? ሙግቱ ይህ ነው። ክሱን የጀመረችው እናቷ ማርጋሬት ራስል ናት። ይህች ሴት ከየመዝገብ ቤቱ የሦስት መቶ ዓመት ሰነድ አስለቅማ አስገለበጠች። ልጅቱ ያደገችው በዚህ የብራና ክምር መካከል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አስተማሪዋ ባለቅኔው ሳሙኤል ዳንኤል እንደነበረ አይዘነጋም፤ ነገር ግን የአጻጻፍ ስልቷን ከእርሱ ይልቅ ከእናቷ የሕግ ጸሐፊዎች የተማረችው ይመስለኛል።

ከማስታወሻዎቿ በስፋት የታወቀው ክፍል የ1603ን ትዝታና የ1616፣ የ1617 እና የ1619 ዓመታትን የዕለት ውሎ የያዘው ነው። የ1618ቱ አልተገኘም። የ1603ቱ ክፍል የንግሥት ኤልሳቤጥን ሞትና የንጉሥ ጄምስን መግባት ይተርካል። አን ያኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። በንግሥቲቱ የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ ከሐዘንተኞቹ ተርታ ልትሰለፍ ፈልጋ ቁመቷ አልደረሰም ተብላ ቀረች፤ ነገሩም እጅግ እንዳሳዘናት ትጽፋለች። ተማሪዎች እዚህ ላይ ይስቃሉ። እኔም ስቄ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ይህች ትንሽ ነገር መላውን መጽሐፍ በአጭሩ የያዘች ናት፤ የሚገባኝ ስፍራ አለ፣ ስፍራውን የከለከለኝ መለኪያ አለ፣ የተከለከልሁበትንም ቀን ጽፌ አኖራለሁ ትላለች።

ወደ 1616 እንለፍ። አን በ1609 ሪቻርድ ሳክቪልን አግብታለች፤ እርሱም የዶርሴት ኧርል ሆኖ በኬንት አውራጃ ባለው በኖል ቤት ይኖራሉ። ባልየው ገንዘብ አባካኝ ነው፤ ሚስቱ የይገባኛል ጥያቄዋን በጥሬ ገንዘብ ለውጣ እንድትፈርምለት ይፈልጋል። በየካቲት የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ሳይቀር ብዙ ታላላቅ ሰዎች ባሉበት አግባብተዋታል፤ አስፈራርተዋታልም። እርሷ ከእናቷ ጋር ሳልመክር አልፈርምም ብላ ወደ ሰሜን ሄደች። እናትና ልጅ ሚያዝያ 2 ቀን በብሩም ግንብ አጠገብ በመንገድ ላይ ተለያዩ፤ እናቲቱ በግንቦት ወር ሞተች። በዚያው በግንቦት ከባልየው ደብዳቤ መጣ፤ ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጃቸው ማርጋሬት ከእናቷ ተለይታ ወደ ሌላ ቤት እንድትወሰድ የሚያዝ ነው። አን ምን አደረገች? አለቀሰች፤ አሰበች፤ ብትቃወም ለልጅቱም ለጉዳይዋም የከፋ እንደሚሆን አመዛዘነች፤ ልጅቱን ሰጠች። ይህ ሁሉ በጥቂት መስመር ነው የሚያልፈው። የሚቀጥለው ዕለት ጽሑፍ ስለ ሌላ ጉዳይ ነው።

ብዙ አንባብያን ይህን ክፍል የሚወዱት ለሚያሳዝነው ታሪክ ነው፤ ባሏ ለንደን ውስጥ በዶሮ ግጥሚያ፣ በቴአትርና በፈረስ እሽቅድምድም ሲዝናና እርሷ በገጠር ቤት ብቻዋን ትቀመጣለች፤ ጥልፍ ትጠልፋለች፤ አገልጋዮቿ የሞንቴንን ድርሳናት፣ የስፔንሰርንና የቾሰርን ግጥሞች ያነቡላታል። ከመዝሙረ ዳዊትም የብቸኝነትን ምሳሌ ትወስዳለች። እርግጥ ነው፣ ሐዘኑ አለ። ነገር ግን ሐዘኑ የተጻፈበትን ቅርጽ እንመልከት። በእያንዳንዱ ግቤት ቀን አለ፤ ቤቱ ብቻ ሳይሆን ክፍሉ አለ፤ በክፍሉ የነበሩት ሰዎች በስም አሉ፤ ማን ምን እንዳለ በቅደም ተከተል አለ። ስሜት የሚገባው በመጨረሻ፣ በአንዲት ሐረግ ነው። ይህ ለራሱ የሚናዘዝ ሰው ቅርጽ አይደለም። አንድ ቀን ዳኛ ፊት ቀርቦ «በዕለቱ ማን ማን ነበሩ?» ተብሎ እንደሚጠየቅ የሚያውቅ ሰው ቅርጽ ነው።

በጥር 1617 የሆነው ለዚህ ዋና ምስክር ነው። ጉዳዩ ንጉሥ ጄምስ ዘንድ ቀርቧል። ንግሥት አን አስቀድማ ነገርሽን ሙሉ በሙሉ ለንጉሡ አትተዪ ብላ በምስጢር ትመክራታለች፤ ባል ላይ እምነት የማትጥል ሚስት ለሌላዪቱ ስትመክር የምናይበት ይህ ትዕይንት በራሱ ድንቅ ነው። ከዚያ አን ከባሏ ጋር በንጉሡ ወንበር ግራና ቀኝ ተንበርክካ፣ ጉዳዩን በእጄ ተዉት ሲባሉ ባሏ እሺ ሲል፣ እርሷ በሕይወት እያለሁ ከዌስትሞርላንድ አልለይም ትላለች። ከሁለት ቀን በኋላ አጎቷ፣ የአጎቷ ልጅና ዳኞች በተሰበሰቡበት ያንኑ ደገመች። ሁሉም ለንጉሡ ፍርድ እንገዛለን ሲሉ እርሷ ብቻ እምቢ አለች። ንጉሡ ተቆጣ፤ ባሏ በአደባባይ እንዳትዋረድ ፈርቶ በር አስከፍቶ አስወጣት። አሁን አጻጻፉን ተመልከቱ፤ በዚያ ክፍል የነበሩትን ሁሉ በስም ትዘረዝራለች። ሃያ ሰባት ዓመት ገና ሊሞላት ነው፤ በመንግሥቱ ውስጥ ያለው ሥልጣን ሁሉ በአንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስቦ ተቃውሟታል፤ እርሷ ግን ወደ ቤቷ ተመልሳ ተቃዋሚዎቿን እንደ ምስክር ትመዘግባለች። ከዚህ የበለጠ የተራኪነት ድፍረት የትኛው ልብ ወለድ ውስጥ እንዳለ አላውቅም።

በመጋቢት ንጉሡ ፈረደ። ርስቱ ለአጎቷ፣ ገንዘቡ ለባሏ ሆነ። አን አልፈረመችም።

ሕጋዊ ባሕርይው ያልታያቸው ኀያስያን ብቻ ናቸው ማለቴ አይደለም። ባርባራ ሌዋልስኪ በ1993 ባሳተመችው ጥናት ርስትን የመጠየቅንና ራስን የመገንባትን ነገር አያይዛ ተርጉማዋለች፤ ትክክልም ናት። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው። መዝገብነቱ የሚሰነጠቅባቸው ቦታዎች አሉ፤ ስንጥቁ የሚታየንም መዝገቡ ጥብቅ ስለሆነ ነው። ግንቦት 1 ቀን 1617 አን በልጇ ቀሚስ ጀርባ ላይ የተሰፋውን፣ ሕፃናት መሄድ ሲማሩ የሚያዙበትን ገመድ ቆርጣ ጣለች፤ ልጅቱም ሁለት ሦስት ጊዜ ወደቀች፤ ግን አልተጎዳችም። ለየትኛው ችሎት ነው ይህ የተጻፈው? ለማንኛውም አይደለም። ነገር ግን የተጻፈው እንደ ንጉሡ ቁጣ በዚያው ድምፀት፣ በዚያው ቀን ቆጠራ ነው። ልጅቱ በትኩሳት ስትንቀጠቀጥ የሌሊቱን ሰዓት ትቆጥራለች። የትኛው የበለጠ እንደጎዳት፣ ርስቱ ወይስ ልጅቱ፣ አትነግረንም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ታስቀምጣቸዋለች። አንባቢው ለብቻው ይፍረድ።

ይህን ማስታወሻ በ1923 ለኅትመት ያበቃችው ቪታ ሳክቪል ዌስት ናት። እርሷ የዚያው የኖል ቤት ልጅ፣ የአባቷም አንድያ ልጅ ነበረች። አባቷ በ1928 ሲሞት ሴት በመሆኗ ቤቱ ለአጎቷ ሄደ። ከአን አባት ሞት 323 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ቨርጂኒያ ዎልፍ ኦርላንዶን አሳተመች፤ በዚያ ልብ ወለድ ውስጥ ወንድ ሆኖ የተወለደ ባለርስት ሴት ሆኖ ሲነቃ ንብረቱ በሙግት ይያዛል። የዎልፍን መጽሐፍ ብዙ ጊዜ እንደ ምናብ ጨዋታ እናስተምረዋለን። ከጎኑ የአንን ማስታወሻ ያነበበ ተማሪ ግን ጨዋታው የቆመበትን ድንጋይ ያገኛል።

ርስቱ በመጨረሻ በእጇ ገባ፤ ግን በፍርድ አይደለም። የአባቷ ኑዛዜ የወንድሙ የወንድ ሐረግ ቢቋረጥ ርስቱ ለአን ይመለሳል የሚል አንቀጽ ነበረው፤ የአጎቷ ልጅ ሄንሪ በታኅሣሥ 1643 ወንድ ልጅ ሳይተው ሞተ። አን ሃምሳ ሦስት ዓመት ሞልቷት ነበር። ዶርሴት በ1624 ሞቷል፤ በ1630 ሁለተኛ ባሏን ፊሊፕ ኸርበርትን፣ የፔምብሩክን ኧርል፣ አግብታለች። አገሩ በእርስ በርስ ጦርነት ላይ ስለነበረ ወደ ሰሜን የሄደችው በ1649 ነው። በዚህ መካከል፣ በ1646፣ የቤተሰቧን ታላቅ ሥዕል አሠራች። ሥዕሉ ሦስት ክፍል አለው። በግራ አን የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሆና፣ ርስቱን በተነፈገችበት ዕድሜ፤ በቀኝ በሃምሳ ስድስት ዓመቷ፤ በመካከል ወላጆቿና የሞቱት ወንድሞቿ፣ እርሷ ገና በማኅፀን ሳለች። ሁለቱ ባሎቿ በቀኙ ክፍል ግድግዳ ላይ እንደ ተሰቀሉ ትንንሽ ምስሎች ሆነው ነው የሚታዩት። ሥዕሉ የዘለለውን እናስተውል፤ ከአሥራ አምስት እስከ ሃምሳ ስድስት ያለው ዘመን የለም። ማስታወሻው የሞላው ያንኑ ሥዕሉ የዘለለውን ዘመን ነው። ለተመልካች የውርሱን መብት አሳየች፤ የተከፈለውን ዋጋ ግን በወረቀት ብቻ አስቀረች።

ከ1649 በኋላ የተጻፉትን ዓመታዊ ማስታወሻዎች ኀያስያን ያን ያህል አይወዷቸውም፤ ድግግሞሽ ይበዛባቸዋል ይላሉ። ይበዛባቸዋል። ስኪፕተንን፣ አፕልቢን፣ ብሩምን፣ ብራፍን፣ ፔንድራገንን አንድ በአንድ ስታሳድስ፣ ከአንዱ ግንብ ወደ ሌላው በፈረስ በሚሸከሙት አልጋ ስትጓዝ፣ በየትኛው ክፍል ስንት ሌሊት እንዳደረች ትቆጥራለች። በየሕንፃውም ላይ ፈርሶ የቆየውን ስለሚያንጽ ሰው የሚናገረውን ኢሳይያስ 58፥12ን አስጠቀሰች። በ1656 ከእናቷ በተለያየችበት የመንገድ ዳር ምሰሶ አቆመች፤ በየዓመቱ ሚያዝያ 2 ቀን 4 ፓውንድ ለብሩም ድኆች እንዲሰጥም አዘዘች። ያ የ1616 አጭር ግቤት ድንጋይ ሆነ ማለት ነው። እኔ እዚህ ላይ ከኀያስያኑ እለያለሁ። ድግግሞሹ የጽሑፍ ድካም ሳይሆን የይዞታ ማረጋገጫ ነው፤ ባለርስት ድንበሩን በየዓመቱ እንደሚዞር እርሷም በዓረፍተ ነገር ትዞራለች።

አንድ ነገር ግን ይቆረቁረኛል። በወዳጆቿ ቤትና በአብያተ ክርስቲያናት በር ላይ እንዲገጠሙ በሰጠቻቸው ትልልቅ ቁልፎች ላይ የተቀረጹት ፊደላት የስሟ ምሕፃር ናቸው፤ የአን እና የፔምብሩክ የመጀመሪያ ፊደላት። ክሊፎርድ አይደለም። አርባ ዓመት ለአባቷ ስም የተሟገተች ሴት በብረት ላይ ያተመችው የባሏን ማዕረግ ነው፤ ካውንተስ ከባሮኒስ በደረጃ ይበልጣልና። በድንጋይ ጽሑፎቿ ላይ ደግሞ ሁለቱንም ትደረድራለች፤ የባሎቿን ማዕረጎች፣ የራሷን ባሮንነት፣ የዌስትሞርላንድ ወራሽ ሸሪፍነቷን። «ወይዘሮ» የሚለው ቃል በዘመናት የተጓዘውን መንገድ እርሷ በአንድ በር ላይ ወዲያና ወዲህ ስትመላለስበት እናያለን። ይህን እንደ ግብዝነት የሚቆጥር አለ። እኔ የሚታየኝ ማንኛውንም ማስረጃ የማይጥል የባለ ጉዳይ ጠባይ ነው።

እዚህ ላይ ከተማሪዎቼ የሚመጣ ሁለተኛ ጥያቄ አለ፤ ይኸኛው ይከብዳል። «ለባላባት ሴት ለምን እናዝናለን?» በ1957 ዓ.ም. በዚሁ አገር ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጥተዋል፤ ጥያቄው የባዕድ አይደለም። መልሱም ማስታወሻው ውስጥ አለ፤ ደስ የሚያሰኝ ግን አይደለም። አን ርስቱን እንደያዘች በ1650ዎቹ ከዌስትሞርላንድ ጭሰኞቿ ጋር በኪራይና በይዞታ ውል ለዓመታት ተካሰሰች። እናቷ የሰበሰበችውን ሰነድ፣ ከአጎቷ ጋር የተሟገተችበትን ብልሃት፣ አሁን በደካሞቹ ላይ አዞረችው። በአንድ ገጽ ላይ ለድሆች መበለቶች በአፕልቢ የሠራችውን መጦሪያ ቤት፣ በሌላው በጭሰኞቿ ላይ የመሠረተችውን ክስ በአንድ ድምፀት ትጽፋለች። የራሷን በደል ያስታወሰች ሴት የሌላውን ማስታወስ ነበረባት ብለን ልንፈርድባት እንችላለን፤ እኔ እፈርድባታለሁ። ይህን ጥያቄ ቀድማ ያነሣችው ደግሞ ሌላ ሴት ናት። ኤሚሊያ ላንየር በ1611 ባሳተመችው የግጥም መድብል ውስጥ ለወጣቷ አን በጻፈችው መወድስ፣ ሁላችን ከአንድ ወንድና ከአንዲት ሴት ከመጣን መኳንንትና ተራ ሰው መባባሉ ከየት መጣ ስትል ትጠይቃለች። ላንየር የእመቤቶቹን ደጅ የምትጠና፣ ርስት የሌላት ገጣሚ ነበረች። በአን ማስታወሻ ውስጥ ለዚህ ጥያቄ መልስ ፈልጌ አላገኘሁም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ክፍል ምን ያደርግለታል? ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ እርሱ ነው። በጎንደር ዘመንና ከዚያም በኋላ በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ የተጻፉ ብዙ የመሬት ማስታወሻዎች አሉን፤ ሽያጭ፣ ስጦታ፣ ውርስ፣ እርቅ። በየማስታወሻው መጨረሻ ምስክሮች በስም ይዘረዘራሉ። ከሻጮቹ፣ ከገዢዎቹና ከአውራሾቹ መካከል ሴቶች አሉ። ዶናልድ ክረሚ በ2000 ባሳተመው ጥናቱ እነዚህን ሰነዶች ለመሬትና ለኅብረተሰብ ታሪክ ተጠቅሞባቸዋል። የታሪክ ክፍል ሰዎች ያነቧቸዋል፤ የሕግ ሰዎችም ያነቧቸዋል። እኛስ? «ሰነድ ነው» ብለን ትተናቸዋል። ግለ ታሪክ ስናስተምር ከብላቴን ጌታ ኅሩይ ዘመን ወዲህ ያሉትን የባለሥልጣናት ማስታወሻዎች እናነሣለን፤ ጸሐፊዎቹ ከሞላ ጎደል ወንዶች ናቸው። ከዚያም የሴት ድምፅ በጥንቱ ጽሑፋችን የለም ብለን እናስተምራለን። የለም ወይስ የት እንደሚፈለግ አላወቅንም? እርግጥ ነው፣ የኅዳግ ማስታወሻ የዕለት ውሎ አይደለም። ካህን የጻፈው እንጂ ሴቲቱ በእጇ የጻፈችው አይደለም፤ አንድ ቀን ብቻ ነው የሚናገረው። ይህን ልዩነት መካድ ለማንም አይጠቅምም። ነገር ግን አንም ቢሆን በኋለኛው ዘመኗ የምታናግረው ጸሐፊዎቿን ነበር፤ እነርሱ እየሰሙ ይጽፉላታል። የምስክር ዝርዝር ትረካ ሊሆን እንደሚችል ከእርሷ የተማረ ሰው፣ ርስቷን ለልጇ ያናዘዘች የጎንደር ወይዘሮ ማስታወሻ ሲያጋጥመው ማን በመጀመሪያ ተጠራ፣ ማን ቀረ፣ እርግማኑ በማን ላይ ወደቀ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ከተመራቂ ተማሪዎቻችን አንዱ ወይም አንዷ ይህን ቢሠሩት እወዳለሁ።

ወደ አን ልመለስና ልጨርስ። የባሮንነቷ ነገር በሕይወት ሳለች የመጨረሻ እልባት አላገኘም። በ1628 የአጎቷ ልጅ ሄንሪ ማዕረጉ የአባቱ ነው በሚል ግምት የባሮን ክሊፎርድ ተብሎ ወደ ፓርላማ ተጠርቶ ነበር፤ ግምቱ ስሕተት ነበር። የመሳፍንት ምክር ቤት ጥንታዊው ማዕረግ በእርሷ ሐረግ የሚተላለፍ መሆኑን የተቀበለው በ1691፣ የልጇ ልጅ ቶማስ ተፍተን አቤት ባለ ጊዜ ነው። እርሷ ከሞተች አሥራ አምስት ዓመት ሆኗት ነበር።

ከ1676 የተረፉልን የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት የዕለት ግቤቶች ናቸው። ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ብሩም ግንብ ውስጥ ከክፍሏ አትወጣም። እንግዶች ከታች በልተው ይመጣሉ፤ ሴቶቹን ትስማለች፤ ወንዶቹን ትጨብጣለች። የጣቶቿን ጥፍር ቆርጣ በእሳት ማቃጠሏን ሳይቀር ታስጽፋለች። በቀብሯ ላይ የሰበኩት ጳጳስ ኤድዋርድ ሬይንቦ እንደተናገሩት፣ ከመጻሕፍት የወደደቻቸውን ቃላት አገልጋዮቿ በወረቀት እየጻፉ በግድግዳውና በአልጋዋ መጋረጃ ላይ ይሰኩላት ነበር። በዚያ ክፍል ተኝታ የድሮውን ማስታወሻዋን ታስነብባለች። በጥር ወር ከ59 ዓመት በፊት በዚች ዕለት ከመጀመሪያ ባሏ ጋር ንጉሥ ጄምስ ፊት መቅረቧን ታስታውሳለች። ንጉሡ ሞቷል፤ ባሏ፣ አጎቷ፣ ሊቀ ጳጳሱ፣ ዳኞቹ ሁሉ ሞተዋል። ዝርዝሩ አለ።

የመጨረሻው ግቤት የመጋቢት 21 ነው። በዕለቱ ከቤት አለመውጣቷን ይናገራል። በማግሥቱ ሞተች። ክፍሉ አባቷ የተወለደበት፣ እናቷም የሞተችበት ክፍል ነው፤ ይህንንም ደጋግማ አስጽፋው ነበር።